አርባ ደቂቃና ሁለት ኳስ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ የሜትሩን ጫፍ ለአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አስይዞ፣ ከጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አጥር እየዘረጋ ሄደ። ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና ብሎ ግቢውን ቃኘ፤ ከዚያ ደግሞ ጎንበስ አለ።

«አሥራ ሰባት ሜትር ከሃምሳ» አለኝ። «ሁለት ሜትር ተኩል ከየት ላምጣ?»

የሚፈልገው 20 ሜትር ነው። ሉክ ሌዤ የተባለ የሞንትሪያል ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቀው የምልልስ ሩጫ ከሁለት መስመርና ከአንድ ድምፅ በቀር የሚጠይቀው መሣሪያ የለም። ልጆቹ በመስመሮቹ መካከል ይመላለሳሉ፤ ከስልኩ «ጢጥ» የሚል ድምፅ በወጣ ቁጥር መስመሩ ላይ መገኘት አለባቸው። አጀማመሩ ለማንም አይከብድም፤ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ 20 ሜትሯን በ8 ሰከንድ ተኩል ገደማ። ታዲያ በየደቂቃው ፍጥነቱ በግማሽ ኪሎ ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። ድምፁ እየቀደመው የሄደ ልጅ ይወጣል። ከወጣበት ደረጃ ተነስቶ ሰውነቱ በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ይገመታል። የልጆች የልብና የሳንባ አቅም በዓለም ላይ በብዛት የሚለካው በዚህ መንገድ ነው።

መምህሩ ሜትሩን መጠቅለል ሲጀምር ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እንደ ከሰል የጠቆረ ፀጉሯን በሁለት የተጎነጎነች፣ ቀጭን ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ በሰያፍ ብንለካውስ?»

የግቢው ወርድ 10 ሜትር ከግማሽ ነበር። ከጥበቃ ቤቱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሜትሩ ሲዘረጋ 20 ሜትር ከ40 አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህሩ ጠመኔውን አውጥቶ ሁለት መስመር አሰመረ፤ ቀጥሎም ሁለት ወንዶች ልጆች ልኮ ከዕቃ ቤት ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ አስመጣና ጥጎቹ ላይ አስደግፎ አቆማቸው። 20 ሜትር ተገኝቷል፤ መቆሚያ ቦታ ግን የለም። ሮጦ የመጣ ልጅ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ነው።

እዚህ ግቢ ያመጣኝ የራሴ ልጅ ጉዳይ ነው። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። የምትማርበት ትምህርት ቤት ሌላ ነው፤ ለመኖሪያ ተብሎ በተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ውስጥ ያለ፣ ግቢው በሸክላ የተነጠፈ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ሰርቪስ ይወስዳታል፤ ማታ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይመልሳታል። በሁለቱ መካከል ትቀመጣለች። ቤት ስትመጣ የቤት ሥራ አለ፤ ትቀመጣለች። ባለፈው ዓመት ክረምት አያቷ ጋ ወስጃት አንዲት ዳገት አብረን ስንወጣ ሦስት ጊዜ ቆመች። ደረቷን ይዛ «አባዬ፣ ቆይ» ስትለኝ እናቴ የ71 ዓመት ሴት ሆና ከፊታችን ትሄድ ነበር። ሐኪም አየልኝ፤ ልቧም ሳንባዋም ደህና ነው አለኝ። «ትሩጥ» ነው ያለኝ፣ በአንድ ቃል። ፕሮግራሟን አውጥቼ ሳይ «ስፖርት» የሚል ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን አለ። ምን እንደሚሠሩበት ጠየቅኳት። ደብተሯን አመጣችልኝ። «የሰውነት ማጎልመሻ ጥቅሞች፣ አንደኛ…» ይላል፣ በሚያምር ጽሑፍ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው አልለቅህ ያለኝ። ሰውነት ማጎልመሻ በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለ መደበኛ ትምህርት ነው። ለመሆኑ ይህ ክፍለ ጊዜ የልጆችን ልብና እግር ይለውጣል? ወይስ በፕሮግራም ላይ የተጻፈ ስም ብቻ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጠንከር ያለና አጥንትና ጡንቻን የሚያጠነክር መሆን አለበት። የድርጅቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት ከ146 አገሮች የ1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ አሰባስቦ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 በመቶዎቹ እዚህ ልክ እንደማይደርሱ አሳይቷል። ወንዶቹ 77.6 በመቶ፣ ሴቶቹ 84.7 በመቶ። አገር ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ ቁጥሩ ያን ያህል አይራራቅም።

አቅምን በተመለከተ ግራንት ቶምኪንሰን የተባለው አውስትራሊያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ያቀረበው ሥራ ብዙ ወላጅ አስደንግጧል። የ28 አገሮች 25 ሚሊዮን ልጆች የሮጡበት መዝገብ ሲመረመር፣ የዚያን ጊዜ ልጆች አንድ ማይል ለመሮጥ ከ30 ዓመት በፊት ከነበሩት እኩዮቻቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገዩ ነበር። ይኸው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በኋላ ባወጣው ሌላ ሥራ ከ2000 ወዲህ ቁልቁለቱ በብዙ ሀብታም አገሮች ቀጥ ማለቱን ጽፏል። ወደ ላይ ግን አልተመለሰም።

እኔ ያደግሁት በክፍለ ሀገር ከተማ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነበር፤ ሁለት ወንዝ ይሻገራሉ። የረፈደበት ይሮጣል፤ ሁልጊዜ የሚረፍደው ደግሞ ብዙ ነው። ከትምህርት መልስ እንጨት፣ ውሃ፣ ጥጃ ማገድ፣ ከዚያ የተረፈውን ሰዓት የካልሲ ኳስ። ሴቶቹ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ። የስፖርት መምህራችን ፊሽካ አንጠልጥሎ «ቀኝ ኋላ ዙር» ሲለን እንስቅ ነበር፤ የሚያስቀው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያ ክፍለ ጊዜ ለሰውነታችን የሚጨምረው ነገር አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ስፖርት ላይ ነበርን።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ ወጣ ካለችው የገበሬ መንደር ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር፣ መልሶም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ የሚሮጠው ደብተሩን ይይዝበት ከነበረው ዘመን የቀረ ልማድ ነው ይባላል። በያኒስ ፒትሲላዲስ የተመራ ቡድን በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶች ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ሥራም ይህንኑ ያጠናክራል። የማራቶን ሯጮቹ አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ በልጅነታቸውም ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ይጓዙ ነበር፤ ያውም በሩጫ። እንግዲህ ልባቸውን የሠራው መንገዱ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን መንገድ አላሰበውም፤ ወጪም አላወጣበትም። ልጁ ሲመሽ ደክሞት የሚተኛው በመንገዱ ምክንያት እንጂ በክፍለ ጊዜው አልነበረም።

አሁን መንገዱ በሰርቪስ ተተካ። እኔ ራሴ በየወሩ እከፍላለሁ። መኪናውን፣ አስፋልቱን፣ የማላውቀውን ሰው እፈራለሁ፤ ሌላውም ወላጅ እንደኔ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። የሰፈር ሜዳው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆመ፣ ወይም መኪና ማቆሚያ ሆነ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች፣ የልጆች መጫወቻዎች መልካም ናቸው፤ እሑድ እሑድ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። የወሩ የመጨረሻ እሑድ «መንገድ ለሰው» ሲባልም፣ ከኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፣ ልጆች አስፋልት ላይ ሲፈነጥዙ ማየት ልብ ያሞቃል። ግን ሰኞ ይመጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጁ የትምህርት ቤቱ ነው።

ፕሊመዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ የተሠራ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያነጋግራል። ተመራማሪዎቹ በሦስት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 215 ልጆች ወገብ ላይ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አሰሩ። አንደኛው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ሰፊ ሜዳ ያለው፣ በሳምንት 9 ሰዓት ስፖርት የሚያስተምር። ሁለተኛው የገጠር፣ 2.2 ሰዓት። ሦስተኛው ከተማ መሐል ያለ፣ 1.8 ሰዓት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት ግን የተጠበቀውን አላሳየም። በትምህርት ሰዓት የግሉ ልጆች ብዙ ቢንቀሳቀሱም የሳምንቱ ድምር ሲታይ ሦስቱም ተቀራራቢ ነበሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ትንሽ የሮጡት ከትምህርት በኋላ ሮጠው አካካሱት። ተመራማሪው ቴረንስ ዊልኪንና ባልደረቦቹ ከዚህ ተነስተው፣ ሰውነት የዕለት እንቅስቃሴውን የሚመጥንበት የራሱ ሚዛን አለው እስከ ማለት ደረሱ። ጠዋት ቢጨምሩለት ማታ ይቀንሳል፤ ጠዋት ቢከለክሉት ማታ ያወጣዋል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተስፋ ቆረጥኩ። እውነት ከሆነ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ኮክሬን የተባለው ድርጅት ገምጋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በትምህርት ቤት የሚሰጡ የእንቅስቃሴ ፕሮግራሞች ላይ የተሠሩ 89 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ያገኙትም ብዙ አያስጨፍርም። ፕሮግራሞቹ በልጁ ዕለታዊ እንቅስቃሴ ላይ የጨመሩት ጊዜ በአማካይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የልብና የሳንባ አቅሙ ግን በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ብሏል።

ደጋግሜ ሳስበው ግን የፕሊመዙ ጥናት ሳይናገር ያለፈው አንድ ነገር ታየኝ። የከተማው ትምህርት ቤት ልጆች ሊያካክሱ የቻሉት ማካካሻ ቦታ ስላላቸው ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚሮጡበት መናፈሻ፣ ኳስ የሚያንከባልሉበት ጎዳና፣ የሚለቃቸው ወላጅ ነበራቸው። የእኔ ልጅ ሰውነት «ማታ አወጣዋለሁ» ቢል የት ያወጣዋል? ከሰርቪስ ወርዳ ሊፍት ትገባለች። ትላንት ትርፍ የነበረው ክፍለ ጊዜ ዛሬ ብቸኛው ሆኖ ቀርቷል። ያን ሁሉ ሸክም ደግሞ በሳምንት አንዴ በሚመጣ አርባ ደቂቃ ላይ ጭነነዋል።

አርባ ደቂቃውም አርባ አይደለም። ግቢው ከተለካበት ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ሌላ ክፍል ሲማር ቆሜ አንዲት ልጅ መርጬ በሰዓት ተከታተልኳት። ክፍሉ 58 ተማሪ አለው፤ ኳሱ ሁለት ነው። ደወሉ ሲደወል ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ አለ። ሰልፍ አለ። ስም ጥሪ አለ። ቱታ ያልለበሰው ለምን እንዳልለበሰ ይጠየቃል። ከዚያ ማሟሟቂያ፤ እጅ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፤ ልጅቷ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ተንቀሳቀሰች። ቀጥሎ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ኳስ በደረት መቀባበል። ከፊቷ ከሃያ በላይ ልጆች አሉ። ተራዋ ሲደርስ ተቀበለች፣ ወረወረች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ተሰለፈች። ደወሉ እስኪደወል ተራዋ ሦስት ጊዜ ደረሳት። ሰዓቴን ሳቆመው ልቧ ፈጥኖ ሊመታ የሚችልበት ጊዜ ከስድስት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

መምህሩን አልወቀስኩትም፤ እሱ ራሱ ቀድሞ ያውቀዋል። «ኳስ ስጠኝ ብዬ አላውቅም» አለኝ። «ቦታ ስጠኝ ነው የምለው። ቦታ ካለ ያለ ኳስም አሯሩጣቸዋለሁ። አባሮሽ ምን ኳስ ይፈልጋል? ግን 58 ልጅ እዚህ ላይ አባሮሽ ቢጫወት ጥርስ ይወልቃል፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

እንደሚገባኝ ከሆነ የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ ግዴታ ነው እንላለን። በተግባር ግን ግዴታው የወደቀው ልጁ ላይ ነው፤ ይሰለፋል፣ ቱታ ይገዛል፣ ፈተና ይፈተናል፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ ውጤት ይጻፍለታል። ለልጁ ሜዳ የማዘጋጀት ግዴታ ያለበት ወገን ግን ሲጠየቅ አላየሁም። የሒሳብ ትምህርት ያለ ጥቁር ሰሌዳ ይሰጥ ብንባል እንጮሃለን። ሩጫ ያለ መሬት ሲሰጥ ግን ልጆቻችን «የሩጫ ጥቅሞች» ብለው ሲጽፉ ዝም ብለን እናያለን።

ከሰልፉ ዳር ቆመው የቀሩትን ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው፤ 9ኙ ሴቶች። ሁለቱ «አሞኛል» ብለዋል። አንዷ ቱታ የላትም፤ የደንብ ልብስ ቀሚሷ ለመሮጥ አይመችም። ሌሎቹ ምክንያት አልሰጡም፤ መምህሩም አልጠየቃቸውም። ወንድ መምህር ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለም፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም። ከ58ቱ ፊት ለመዝለልና ለመሮጥ የሚያሳፍራት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ብትቀር የሚፈረድባት አይደለም። ያ የ84.7 እና የ77.6 በመቶ ልዩነት በየአገሩ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ እዚህ ግን የተደገፈችውን ግድግዳ አይቼዋለሁ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ለአገሯ ልጃገረዶች የከፈተችው በር ሰፊ ነው። በሩ ላይ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ቱታ የሚቀየርበት ክፍል ያስፈልጋል።

ሌላው ረሃብ ነው። መምህሩ ከዓመታት በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ዙር አስሩጦ ልጅ እጁ ላይ ወድቆበታል። «ምን በላህ?» ቢለው ልጁ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ማስሮጥ አቆመ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን መመገብ ሲጀምሩ ትልቁን ልዩነት ያየው በሩጫ ነው ይለኛል፤ ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ጾም ሲሆን ደግሞ ያስተውላል፤ በሑዳዴም ሆነ በረመዳን ጠንካራውን ልምምድ ትቶ ሚዛን መጠበቅና መተጣጠፍ ያሠራቸዋል። ይህን ማንም አላዘዘውም።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲቃረብ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሰጣል። ወላጅም ደስ ይለዋል፤ እኔም ከዓመት በፊት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በካናዳዋ ኩቤክ፣ ትርዋ ሪቪየር በተባለች ከተማና በአንድ የገጠር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1977 የተሠራ ሙከራ ነው። 546 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 5 ሰዓት፣ በሙያው በሠለጠነ መምህር ስፖርት ሠሩ። ሌሎቹ እንደ ቀድሞው በሳምንት 40 ደቂቃ ከክፍል መምህራቸው ጋር። ለስፖርቱ ሲባል የሌላው ትምህርት ጊዜ ከ13 እስከ 14 በመቶ ተቀነሰ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የሯጮቹ ልጆች ውጤት ከሌሎቹ አላነሰም፤ እንዲያውም በልጦ ተገኘ። ከሒሳብ የተወሰደው ጊዜ ሒሳቡን አልጎዳም። አንድ ጥናት ሁሉን ነገር አይፈታም። ቢሆንም ሰባት ዓመት ሙሉ የተሠራ ነውና ክፍለ ጊዜውን ለመቀማት የሚዘረጋውን እጅ ሊያቆመው ይገባል።

የቻይናዋ ጓንግዡም አለች። እዚያ 12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ሙከራ ሲደረግ ግማሾቹ በየትምህርት ቀኑ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከቤት ውጭ፣ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ጉዳዩ ሩጫ አልነበረም፤ ዓይን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቅ ነገር የማየት ችግር የያዛቸው ልጆች ደጅ ከወጡት መካከል 30.4 በመቶ፣ ካልወጡት 39.5 በመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ውጤት ነው። በእኛ ፕሮግራም ላይ ያለችው ያችው አርባ ደቂቃ፣ በየቀኑ ብትሆን፣ በፀሐይ ብርሃን ብቻ እንኳ መነጽር ታስቀራለች። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በነፃ ናት።

መምህሩ ደብተር አለው። ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር፣ ሽፋኑ በላስቲክ የተለበጠ። በግራ የተማሪዎቹ ስም ነው፤ በቀኝ ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያ የሚሉ ሦስት ዓምዶች። ባለፉት ዓመታት ያስተማረበት ትምህርት ቤት ሜዳ ስለነበረው ዓምዶቹ ሞልተዋል። እየገለጠ አሳየኝ። በጥቅምት ሦስተኛ ደረጃ ላይ የወጣ ልጅ በሚያዝያ አምስተኛ ደርሷል። ሌላው ቆሞ ቀርቷል። አንዲት ልጅ ጥር ላይ ወርዳለች፤ አጠገቧ በእርሳስ «እናቷ ታማ ነበር» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚህ ደብተር ጋር የሚመሳሰል ነገር የማውቀው ስሎቬንያ ውስጥ ነው። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች አገር ከ1987 ጀምሮ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በየዓመቱ በሚያዝያ ገደማ የትምህርት ቤት ልጆቿን ቁመት፣ ክብደትና ብቃት ትለካለች። የሚለኩት የስፖርት መምህራን ናቸው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሲከፈቱ ልጆቹን ለኩ፤ ልኬቱ ከተጀመረ ጀምሮ ታይቶ የማይታወቅ ቁልቁለት አገኙ። ሁለት ወር ብቻ ነበር የተዘጋው። ልጆቹ ያጡት ክፍለ ጊዜውን፣ የእረፍት ሰዓቱን፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ በአንድ ላይ ነው። ያን ያህል ጉዳት ሊታወቅ የቻለው ግን ቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ስለነበረ ነው። ለካ መለካት ልጅን ለማሳፈር አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን ለመጠየቅ ነው። ስንት ክፍለ ጊዜ ሰጣችሁ ሳይሆን ልጁ ስንት ደቂቃ ሮጠ፣ በጥቅምት ከነበረው በሚያዝያ የት ደረሰ ብሎ ለመጠየቅ።

አንድ የስፖርት መምህር ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በቆጂ አለች። ስንታየሁ እሸቱ ዓለም ያወቃቸው አሠልጣኝ ከመሆናቸው በፊት በዚያች የአርሲ ከተማ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። ቀነኒሳ በቀለን ትምህርት ቤት ውስጥ ያዩት እሳቸው ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ፣ ትንፋሽ ያጠነከረው አየርና መንገድ ቀድሞ ነበር። መምህሩ የጨመሩት ዓይንና ፊሽካ ነው። እኔ ከተማ ውስጥ ያለው መምህር ግን ዓይንም ፊሽካም አለው፤ ያጣው መሬቱን ነው። ከልጆቹ ሻምፒዮን እንዲያወጣ የጠየቀው የለም። ዳገት ላይ ሳይቆሙ እንዲወጡ ብቻ ነው።

እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ከቤታችን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሰርቪሱን በሳምንት ሦስት ቀን አቆምኩ፤ ቀድሜ ከቢሮ እወጣለሁ፣ አብረን በእግር እንመጣለን። የመጀመሪያው ሳምንት ቦርሳዋን እኔ ተሸከምኩ። አሁን የቀበሌው ጥግ ላይ ካለው የጀበና ቡና ቤት ጀምራ ትሮጣለች፤ ቤት ቀድማኝ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ይህን የማደርገው ሰዓት ስላለኝ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራ የምትወጣ እናት ምን ታድርግ? ለእሷ ልጅ ነው አርባ ደቂቃዋ የምታስፈልገው።

ወደ ሰያፉ መስመር እንመለስ። ልጆቹ ስድስት ስድስት ሆነው ተሰለፉ። መምህሩ ስልኩን ከትንሽ ማጉያ ጋር አያይዞ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ጢጥ። ስድስት ልጆች ከጥግ ወደ ጥግ ተወረወሩ፤ ደረሱ፤ ፍራሹን በመዳፋቸው መትተው ዞሩ። ጢጥ። በሁለተኛው ደረጃ አንድ ወንድ ልጅ ሳል ጀምሮት ወጣ፤ ጓደኞቹ ሲስቁበት መምህሩ ዞር ብሎ አያቸውና ዝም አሉ። በሦስተኛው ሁለት ወጡ። «በሰያፍ» ያለችው ልጅ አሁንም እየሮጠች ነው፤ ቱታዋ የታላቅ ወንድሟ ሳይሆን አይቀርም፣ እግሩ ሁለቴ ታጥፏል። አራተኛው ደረጃ መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች። ጥግ ላይ ተደግፈው የነበሩት ሴቶች ልጆች ወደ መስመሩ ተጠግተው ስሟን መጥራት ጀመሩ። ጢጥ። ፍራሹን መታች። ጢጥ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ድምፁ ሁለት ጊዜ ቀደማትና ፍራሹ ላይ ተደግፋ ቀረች፤ ደረቷ ይወጣል ይወርዳል።

መምህሩ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ልጅቷ ትንፋሿ ሳይመለስ መጥታ በትከሻው በኩል አየችው።

«ቲቸር፣ ይኼ ባዶው ምንድነው?»

«ጥር» አላት። «ያኛው ደግሞ ሚያዝያ።»

ጣቷን ባዶው ሳጥን ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ቀጣዮቹ ስድስት ልጆች መስመሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሄዳ ፍራሹን አቃናችላቸው።